አራት አግዳሚ ወንበር ለሮም

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ማትሪክ ተፈትኜ ውጤት እጠብቃለሁ። ውጤት የሚጠብቅ ሰው ምን እንደሚሆን የጠበቀ ያውቀዋል፤ ተቀምጦ አይቀመጥም፣ ተኝቶ አይተኛም። ወሎ ሰፈር ባለችው ግቢያችን ከበር እስከ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት እስከ በር ስመላለስ እማዬ፣ መሬቱ ምን አደረገሽ ትለኝ ነበር። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። እኔ ቆብ ስላልነበረኝ አክስቴን ገደልኳት።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ግቢው ውስጥ ሁለት ቤት ነበር። በትልቁ እኔና እማዬ እንኖራለን። አባቴ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ በወር አንዴ ብቅ ካለ ተመስገን ነው። በትንሹ፣ ባለ አንዷ ክፍል ቤት የአባቴ እኅት አስካለ ትኖራለች። እኔ እቴቴ ነው የምላት። እቴቴ በወጣትነቷ የአውሮፕላን አስተናጋጅ ነበረች፤ በኋላ ወገቧን ሲያማት መሬት ወረደችና ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የካርጎ ጸሐፊ ሆነች። መሬት ወረደች ማለቴ እግሯን ነው፤ ልቧ አልወረደም። አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ ሲያልፍና ብርጭቆው ሁሉ ሲንጫጫ እማዬ ታማትባለች፣ እቴቴ ደግሞ ሰዓቷን አይታ፣ "የአቴናው ነው፤ ሃያ ደቂቃ ዘግይቷል" ትላለች።

ፈረንጆች ስልሳዎቹ የሚሏቸውን ዓመታት (በእኛ ሃምሳዎቹ መሆናቸው ነው፤ ፈረንጅ ምኑም ላይ ይቸኩላል) እቴቴ ዘፈን ስታሳድድ ነው ያሳለፈቻቸው። ሌሎቹ አስተናጋጆች ባረፉበት ከተማ ጫማና ሽቶ ሲገዙ እሷ ሸክላ ትገዛለች። ፍራንክፈርት ውስጥ አንድ የሸክላ ሱቅ ነበር አለችኝ፤ ከመግዛትሽ በፊት ጆሮሽ ላይ ማዳመጫ ሰክተሽ ትሰሚያለሽ። እቴቴ ቆማ ስትሰማ፣ ስትሰማ፣ ባለሱቁ አዘነላትና ወንበር አመጣላት። ወንበሩን ካመጣላት በኋላማ ማን ያስነሳት። አቴና ውስጥ ደግሞ ጊታር የሚጫወት ጫማ ሰፊ አግኝታ ሦስት ጊዜ የጫማዋን ሶል ሆን ብላ ገንጥላለች።

የሁሉ አውራ ግን ሮም ነው። ሮም አንድ አደባባይ ላይ፣ ጸጉራቸውን ትከሻቸው ድረስ የለቀቁ አራት ወጣቶች መድረክ ላይ ወጥተው ይጫወታሉ፤ ሕዝቡ እንደ ጥምቀት ግጥም ብሏል፤ ካሜራ ያነገቡ ሰዎች ፊልም ያነሳሉ። ካፊያ ነበር። እቴቴ ለብርድ የያዘችውን ነጠላ በጸጉሯ ላይ ጠምጥማ፣ በሰው ብብት ሥር እየሾለከች፣ መድረኩ ሥር ደረሰች። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ጥቁር እሷ ብቻ፣ ነጠላ የለበሰች እሷ ብቻ። "ካሜራው እንዲህ ዞረ፣ ዞረ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ" ትላለች፤ እጇንም አብራ ታዞራለች። ይህንን ታሪክ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ፤ በአንድ ሺኛው ጊዜም ካሜራው ሲቆም ትንፋሼ ይቆም ነበር።

ሰፈሩ ግን አላመናትም። በተለይ ጋሽ ደምሴ። ጋሽ ደምሴ የእድራችን ዕቃ ጠባቂና አስተባባሪ ናቸው፣ በዚያ ላይ የቀበሌው የኪነት ኮሚቴ አባል ናቸው። እቴቴ በአጠገባቸው ካለፈች፣ "አስካለ፣ ከሮም መቼ ገባሽ?" ይሏታል፤ እሷም የጸሐፊ ቦርሳዋን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ሳትመልስ ታልፋለች። ማታ ግን ሻይዋን ሳትጠጣ ትተኛለች።

ፎቶ የላትም እንዴ ትሉ ይሆናል። ነበራት፤ ሁለት አልበም ሙሉ። እኔ አሥር ዓመቴ እያለ የቤት ለቤት አሰሳ መጣ። እቴቴ ሥራ ላይ ነበረች። እማዬ አልበሞቹን ገለጠች፤ ጸጉራም ፈረንጆች አቅፈዋት፣ በአጭር ቀሚስ፣ እየሳቀች። ይህን ጠመንጃ ለያዘ ልጅ እንዴት ታስረጂዋለሽ? ፎቶዎቹን ማድ ቤት ከታ አነደደቻቸው። ሸክላዎቹን አንድ በአንድ ሰባብራ ሽንት ቤት ጉድጓድ ጨመረቻቸው። በዚያ ዘመን ፍርሃት ማለት ብልሃት ነበርና ማንም አይፈርድባትም። የሚያንገበግበው ምንድን ነው፣ አሳሾቹ እኛ ጋ ሊደርሱ ሦስት ቤት ሲቀራቸው መሸባቸውና ተመለሱ። በማግስቱም ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እቴቴ እማዬን አታናግርም። አልተጣሉም፤ መጣላት ንግግር ይፈልጋል። በመሀላቸው እኔ ነኝ። "ለእናትሽ ንገሪያት፣ ውሃው ሊሄድ ነው፣ ትቅዳ።" "ለአክስትሽ ንገሪያት፣ ቀድቻለሁ።" ሁለቱም እዚያው በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው እኮ ይህ ሁሉ። ስምንት ዓመት አማርኛን ወደ አማርኛ ስተረጉም ኖርኩ። እንግሊዝኛ ማትሪክ ላይ ያላማረልኝ በዚህ ይመስለኛል፤ ጉልበቴን ጨርሼ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ክረምት፣ እቴቴ በጉንፋን ተይዛ አልጋ ላይ ሳለች፣ እስካሁን የሚበር አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዋ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ሊጠይቃት መጣ። የቪዲዮ ካሴት ነው። ስለዚያ ዘመን ሙዚቃ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም። የሮም አደባባይም አለበት አላት። ራሷ ላይ ነጭ ነገር የጠመጠመች ሴት ብልጭ ስትል አይቻለሁ፣ ልብ አላልኳትም፣ አንቺን ግን አስታወሰችኝ አላት።

እቴቴ ከአልጋዋ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ተነሳች። ሰውየው ከሄደ በኋላ እጄን ያዘችኝ። እጇ ትኩሳት አለው።

"ብቻዬን አላየውም" አለችኝ። "ሰፈሩ ይየው። ደምሴ ይየው። ካለሁ አለሁ። ከሌለሁ ደግሞ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።"

ከሌለችስ? ሮም የሌለባት እቴቴ ማን ናት? የካርጎ ጸሐፊ ናት፤ ወገቧን የሚያማት።

ችግሩ ብዙ ነበር። አንደኛው፣ ካሴት እንጂ ማጫወቻ የለንም። በሰፈሩ ቪዲዮ ዴክ ያላቸው ሐጂ ከማል ብቻ ናቸው፤ ቅመም ነጋዴ ናቸው፣ ከጅዳ ሲመለሱ ያመጡት ነው። ለምኜ ለምኜ እሺ አሉኝ፤ ግን የልጃቸው ሚስት አራስ ስለሆነች እሳቸው ቤት አይሆንም፣ ዴኩንና ቴሌቪዥኑን ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ፣ ከእሳቸው እጅ በቀር የማንም ጣት አይነካውም። ሁለተኛው፣ የውጭ ዘፈን ፊልም ለማሳየት ሰው ሰበሰብን ብሎ ማን ለቀበሌ ይናገራል? ሦስተኛውና ዋናው እማዬ ናት። ያንን ሁሉ ሸክላ የሰባበረች ሴት ካሴት ብታገኝ ምን ታደርገዋለች? ስለዚህ እማዬ እንዳትሰማ ተባለ። ቅዳሜ ጠዋት ሰው ከመጣ በኋላ ብትሰማ፣ በሰው ፊት ምንም አታደርግም።

አራተኛው ችግር መቀመጫ ነው። እኛ ቤት የነበሩት ወንበሮች ሦስት ሲሆኑ እግራቸው በጠቅላላው አሥር ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። የእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ ተቀምጠው ድንኳን ይጥፋሉ።

"ጋሽ ደምሴ፣ አራት አግዳሚ ወንበር ለነገ ፈልጌ ነበር።"

"ለምን?"

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ሁሉን ሳስብ ለምን የሚለውን ብቻ አላሰብኩም። አንገቴን ደፋሁና፣ እንዲያው፣ ለቤት አልኩ።

መርፌውን አስቀመጡ። "ቤት ሁሉም ደህና?"

"ደህና ናቸው። እቴቴ ብቻ ትንሽ አሟት ተኝታለች።"

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ይኼኔ መንቃት ነበረብኝ። በእኛ አገር ሞት በስሙ አይጠራም። የሞተ ሰው ለዘመዱ ሁልጊዜ "ትንሽ አሞት" ነው፤ ትንሹ ሕመም ከትልቁ የሚያስፈራበት አገር ነው። እኔ ግን ወጣት ነኝ፣ ልቤ ካሴቱ ላይ ነው።

"ምን ነበር የያዛት?" አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

"ጉንፋን ነው።"

"ጉንፋን" አሉና ራሳቸውን ወዘወዙ። "እናትሽስ ሰምታለች?"

"ኧረ አልሰማችም። አደራ፣ እንዳትነግሯት። ነገ ጠዋት ሰው ከመጣ በኋላ ብታውቅ ይሻላል ብለን ነው።"

ተነስተው ትከሻዬን ያዙኝ። እኚያ ለሰው ሰላምታ የሚሰፍሩ ሰውዬ ዓይናቸው እንባ አቅሯል። "ትልቅ ሰው ሆነሻል" አሉኝ። "አንቺ ምንም አታስቢ። ወንበሩን እኛ እናመጣለን። እኔ እኮ እንዲያው ስቀልድባት ነበር… በይ ሂጂ፣ ጠንከር በይ።"

እኔ ምን ገባኝ መሰላችሁ? ሚስጥሬን ደርሰውበት፣ በፊልሙ ተስማምተው፣ በቀልዳቸው የተጸጸቱ መሰለኝ። ጋሽ ደምሴ እንዲህ ደግ ናቸው እንዴ እያልኩ እየዘለልኩ ቤቴ ገባሁ። ስዘል ያዩኝ ሰዎች በኋላ፣ ሐዘን ልጅቷን አሳብዷት ነበር ብለው መስክረዋል።

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ሊነጋጋ ሲል የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ማን ሞተ ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። ጥሩምባ ነፊው በአጥራችን ጥግ ቆሞ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ አለና፣ ወይዘሮ አስካለ ማረፏን፣ ድንኳን የሚተከለው እዚሁ መሆኑን፣ የቀረ አባል እንደሚቀጣ ተናገረ።

በነጠላ ጫማ ወደ ትንሹ ቤት ሮጥኩ። እቴቴ ለዕለቱ ብላ ጸጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ፣ በሌሊት ልብሷ መስኮቱ ጋ ቆማለች።

"በዚህ ሰፈር ሌላ አስካለ አለች እንዴ?" አለችኝ።

"የለችም።"

"ወይዘሮ ማን አላቸው? ወይዘሪት ነኝ እኮ።"

ወዲያው ከትልቁ ቤት ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ደምሴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ለእማዬ መርዶ ሊያረዱ ገብተው ኖሯል። ስለ ዝናቡ አውርተው፣ ሰው ሁሉ አላፊ መሆኑን ተናግረው፣ ከዚያ ተናግረውታል። እማዬ በባዶ እግሯ፣ መቀነቷን እንደ ነገሩ ጠምጥማ፣ ደረቷን እየደቃች ወደ ግቢው ወጣች። እናቴን በሕይወቴ እንደዚያ አይቻት አላውቅም።

"አስካለዬ፣ ሳታናግሪኝ" ትላለች። "ስምንት ዓመት ስጠብቅሽ፣ አንዲት ቃል ሳታናግሪኝ…"

እቴቴ ከነቢጎዲኗ በሩ ላይ ወጥታ ቆመች። አልተንቀሳቀሰችም። እማዬ እየተንገዳገደች መጥታ፣ እንባዋን ጠርጋ ቀና ስትል ሟቿን አፍንጫ ለአፍንጫ አገኘቻት። ሽማግሌዎቹ አማተቡ። ልክ በዚያች ደቂቃ አውሮፕላን በላያችን አለፈ፤ እቴቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቷን አላየችም።

ድምፁ ሲያልፍ እማዬ ወደ እኔ ዞረች።

"ለአክስትሽ ንገሪያት፣ በዚህ ብርድ በሌሊት ልብስ በር ላይ አይቆምም።"

ነገርኳት። እቴቴም፣ "ለእናትሽ ንገሪያት፣ ልገባ ነው" አለችና ገባች። በሩን ዘግታ ምን ስታደርግ እንደቆየች አላውቅም። ስትወጣ ቢጎዲኑ ተፈትቷል፣ ዓይኗም ቀልቷል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰው መጉረፉን አላቆመም። አራት ወንበር ያልኩት ሃያ መጣ፣ ድንኳን መጣ፣ የንፍሮ በርሜል መጣ። ከበሩ ጀምሮ እያለቀሰ የሚገባው ሁሉ እቴቴን ሲያይ ልቅሶውን የት እንደሚያደርገው ይጨንቀዋል። ዓይናቸው የደከመው ጎረቤታችን እማማ ሙሉማ የራሷን የእቴቴን ትከሻ ተደግፈው አለቀሱላት፤ ምን ሆና ሞተች ብለው ሲጠይቋትም እቴቴ ጀርባቸውን እያሻሸች፣ "ጉንፋን ነው እማማ፣ አይዞዎት" ትላቸዋለች።

ጋሽ ደምሴ እኔን ማድ ቤቱ ጥግ አቆሙኝ። እድሩ ከተቋቋመ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ እንደማያውቅ፣ መተዳደሪያ ደንቡም ላይ ከሞት ስለተነሳ አባል የተጻፈ አንቀጽ እንደሌለ ነገሩኝ። አልቅሼ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ካሴቱን፣ ሮምን፣ ነጩን ነጠላ። እማዬ ከኋላዬ ቆማ ስትሰማ አላየኋትም ነበር።

"ምን ዓይነት ፊልም ነው?" አሉኝ ጋሽ ደምሴ፣ የኪነት ኮሚቴ ፊታቸውን አጥልቀው።

"ዘጋቢ ነው።"

"ዘጋቢ ከሆነ ትምህርት ነው" አሉ። እውነቱን ለመናገር ድንኳኑን በባዶ ላለማፍረስ ምክንያት ማግኘታቸው ነው ያስደሰታቸው። እማዬን ዞሬ አየኋት። ሄዳ የውጪውን በር ዘጋችና በሩ ሥር በርጩማ አድርጋ ተቀመጠች። እንግዳ ሰው እንዳይገባ መሆኑ ነው። ክብሪት በእጇ አልያዘችም፤ ፈትሻለሁ።

ወዲያው በሩ ተንኳኳና ሐጂ ከማል ገቡ። እሳቸውና ሹፌራቸው ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በሁለት ወገን ተሸክመውታል። ይህንን ያየ ለቀስተኛ ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ አለ። አንዳንዱ እንደገና አለቀሰ። ሐጂ ግራ ተጋብተው፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሲጠይቁ እቴቴ፣ "እኔ ነኝ ሐጂ፣ እዚያ ጥግ አድርጉት" አለች።

ፊልሙ ጀመረ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ መስመር መስመር ይሠራል፤ ሐጂ ከማል ዴኩን በክርናቸው ከልለው ተቀምጠዋል። ተራኪው እንግሊዝኛ ነው የሚናገረው። ጋሽ ደምሴ፣ ማትሪክ የተፈተንሽ አንቺ ነሽ፣ ተርጉሚ አሉኝ። ሰውየው ከሚናገረው ከሦስቱ አንዱ ይገባኛል፤ ሁለቱን ኪነት ኮሚቴው ደስ እንዲለው አድርጌ ከራሴ ሞላሁት። በእኔ ትርጉም ያ ዘመን ሁሉ ጊታር የያዙ ጭቁኖች ዘመን ነበር።

ግን ትርጉሜን የሚሰማኝ አልነበረም። አራቱ ጸጉራሞች ብቅ ሲሉ እማማ ሙሉ አፍጥጠው አዩና፣ "ጸጉራቸውን ያሳደጉት ሐዘን ላይ ሆነው ነው?" አሉ። ከዚያ ልጃገረዶቹ ታዩ። ታውቋቸው እንደሆን፣ የዚያን ጊዜ ፈረንጅ ልጃገረዶች ዘፋኝ ሲያዩ ይጮኻሉ፣ ጸጉራቸውን ይነጫሉ፣ ጉንጫቸውን ይቧጥጣሉ፣ በመጨረሻም ተዝለፍልፈው ይወድቃሉ፤ ፖሊሶች ተሸክመው ያወጧቸዋል። ይህን የማያውቅ ለቀስተኛ የለም። አንድ ሴትዮ፣ ያቺ ባለ ጉንጉን ወንድሟ ነው የሞተው፣ ታስታውቃለች አሉ። ሌላዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። አንዷ ወድቃ ፖሊስ ሲያነሳት፣ ከኋላ ያለው ወንድ ሁሉ፣ ደግፏት፣ ወገቧን ደግፏት እያለ ያዛል። ጠዋት ለእቴቴ የተዘጋጀው እንባ ሜዳ ላይ ቀርቶ ስለነበር፣ ማንነታቸው ለማይታወቅ የፈረንጅ ልጆች ሙልጭ ብሎ ወጣ። ጋሽ ደምሴ ራሳቸው አፍንጫቸውን ተናፈጡ።

እቴቴ ግን አታለቅስም። ከፊት ቆማለች፤ አትቀመጥም። ዘፈኑን ሁሉ በከንፈሯ ታውቀዋለች። ጣቶቿ ቀሚሷን ይዘው ይለቁታል፣ ይዘው ይለቁታል። እኔም አብሬያት አንዴ በግራ እግሬ፣ አንዴ በቀኝ እግሬ እቆማለሁ።

ከዚያ ተራኪው ሮም አለ። እሱን ተርጓሚ አላስፈለገውም።

አደባባዩ ታየ። ካፊያው ታየ። መድረክ፣ ሕዝብ። ካሜራው ዞረ፣ ዞረ። ከመድረኩ ሥር አንድ ነጭ ነገር ብልጭ አለና አለፈ። አልቆመም። ዝም ብሎ አለፈ።

ሁሉም፣ ይመለስ፣ ይመለስ አለ። ሐጂ አጠነጠኑት። ነጭ ነገር ብልጭ አለ። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው፣ አሁንም ይመለስ አሉ። በሦስተኛው ዴኩ አንዴ አጓራና ምስሉ ተንጋደደ፣ ተጨማደደ፣ ጠፋ። ሐጂ ካሴቱን ሲያወጡት ክሩ እንደ ዶሮ አንጀት ተጎልጉሎ ወጣ። ብዙ ሰዎች ሆነው ቢሞክሩ ከማድ ቤት እስከ በር ድረስ ረዘመ እንጂ አልገባም።

ሰው ሁሉ ዞሮ እቴቴን አየ። የቆመችበት ቦታ ያነሰ መሰለኝ።

"እንግዲህ" አሉ ጋሽ ደምሴ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ጠዋት አልቅሰውላታል። ግን እውነት ማለት ለእሳቸው እንደ እድሩ ዕቃ ነው፣ ተቆጥሮ መግባት አለበት። "ነጭ ነገር አይቻለሁ። ሰው ይሁን፣ የዳቦ ከረጢት ይሁን፣ እግዜር ያውቃል። ይህችው ናት ብዬ ግን አልምልም።"

አንድ ሁለት ሰው አጉረመረመ። እቴቴ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። አፌን አልከፍትም ያለችው ትዝ አለኝ።

በዚህ መሀል ከበሩ በኩል የእማዬ ድምፅ መጣ።

"ነጠላው የእኔ ነው።"

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። እማዬ ከበርጩማዋ አልተነሳችም።

"አውቀዋለሁ እኮ፣ የእኔ ነው። እናቴ ፈትላ የሰጠችኝ። ወደዚያ ወደ ፈረንጅ አገር ስትሄድ፣ ብርድ ነው ብላ ተዋሰችኝ፤ እስከ ዛሬ አልመለሰችልኝም። ጎረቤት ይፍረደኝ።"

ልብ በሉ። እማዬ፣ እሷ ናት ብላ ብትምል ማን ያምናታል? ዘመዷ ናት፣ አዘነችላት ይባል ነበር። ሳይመለስ ስለቀረ ነጠላ ግን በዚህ ሰፈር ማንም ሰው ዋሽቶ አያውቅም። ሴቶቹ ሁሉ በአንድ አፍ፣ ሐቋን ነው አሉ። ወዲያው አንዷ ስለራሷ ወንፊት፣ ሌላዋ ስለ ሙቀጫዋ ማንሳት ጀመረች። ጋሽ ደምሴ ተራ በተራ አይተዋቸው፣ ባርኔጣቸውን አጠለቁ። "የተዋሱትን መመለስ ነው" አሉ፤ ፍርዱ ያ ነበር። ሮም በዚያው ጸደቀች።

እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ያንን ነጠላ እቴቴ በመጀመሪያ ደሞዟ መርካቶ የገዛችው ነው፤ ጥለቱን እንዴት እንደመረጠች አንድ ሺህ ጊዜ ነግራኛለች። ያንን እማዬም ታውቃለች።

እቴቴ እማዬን አየቻት። ከዚያ በስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እኔን ሳትፈልግ ተናገረች።

"መልሼልዎታለሁ እኮ፣ እትዬ።"

"አልመለስሽም።"

"በበዓለ ማርያም ዕለት፣ አጥቤ፣ አጣጥፌ።"

"እሱ ሌላኛው ነው" አለች እማዬ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ እየጠረገች። "ባለ ሰማያዊው።"

እስከ ከሰዓት ተከራከሩ። ንፍሮው ተበላ፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ ሐጂ ከማል ዴካቸውን ጠቅልለው ሄዱ፤ እነሱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ስለሌለ ነጠላ ይከራከራሉ። አንድ ጊዜ ልማድ ሆኖብኝ፣ እማዬ እንዲህ ትልሻለች ብዬ ልገባ ስል፣ ሁለቱም በአንድነት፣ "አንቺ ዝም በይ" አሉኝ።

በማግስቱ እሑድ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ልብሷን አልቀየረችም። እቴቴን ጠራቻትና አብረው በእግራቸው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄዱ። ተሳፋሪ የሚሸኝበት ሰገነት ላይ ወጥተው፣ እማዬ ወደ ሮም የሚሄደውን እንድታሳያት ጠየቀቻት፤ እቴቴም አሳየቻት። እስኪነሳ ድረስ ቆሙ። ሲመለሱ እማዬ፣ ጫጫታው እዚያ ይብሳል አለችና ምሳ አቀረበች።